ያሳበቅኩበት ሰው

እትዬን በዊልቸር እየገፋሁ የሆስፒታሉ ሊፍት ውስጥ ስገባ በሩ አልዘጋ አለ። ሊዘጋ ይመጣና ልክ ሊገጥም ሲል ተመልሶ ይከፈታል። ቁልፉን ተጫንኩት። ደግሜ ተጫንኩት። ከዚያ በሩን በጫማዬ መታሁት።

«ይተዉት እንጂ፣ እሱ ምን አጠፋ?» አለ ከውጭ የቆመ ሰው።

ረዘም ያለ ከሲታ ነው። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦታል፤ ክንዱ ላይ ደም የተቀዳበት ቦታ ጥጥ ተለጥፏል።

«አልዘጋም አለ!» አልኩ።

«በሩ ደኅና ነው። የታመመው ዓይኑ ነው።» ከኪሱ መሐረብ አወጣና ከበሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁር መስታወት ጠረጋት። «አቧራ ሲሸፍነው ሰው የቆመ ይመስለዋል። እንዳይጨፈልቅ ብሎ እኮ ነው፣ አይፍረዱበት።»

አብሮን ገባ፤ በሩም እንደ ጨዋ ልጅ ዝግት አለ።

እትዬ ከዊልቸሯ ቀና ብላ አየችውና፣ «ሐኪም ነህ?» አለችው።

«የሊፍት ሐኪም ነኝ እናቴ። እዚህ የመጣሁት ግን በሽተኛ ሆኜ ነው።»

«እናቴ? አንተን ለመውለድ በስንት ዓመቴ ማግባት ነበረብኝ?»

«እኅቴ ልበል ታዲያ?»

«ልበል አይባልም፣ በል።»

ሳቅኩ። እትዬ ከታመመች ወዲህ ሳቅ የሚባል ነገር ከቤታችን ወጥቶ ነበርና ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሰውዬው ዘወር ብሎ አየኝ። ሊፍቱ እስኪቆም ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

ስወጣ ዊልቸሩን ከበሩ ጠርዝ ጋር አጋጨሁት። ከክብደቱ ነው አልኩ ለራሴ።

እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ላውንደሪ ቤት ውስጥ ከካውያና ከእንፋሎት ጋር ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። አንዴ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ የቀድሞ ባሌ ስንለያይ «ከአንቺ ጋር ከመኖር ከግድግዳ ጋር መጋፋት ይሻላል» ብሎኛል። ግድግዳውን ያግኘው። እትዬ ታላቅ እኅቴ ናት፣ እንደ እናት ያሳደገችኝ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዟት ነው የምንመላለሰው። ሊፍት ጠጋኙም ያው በሽታ ነው የያዘው፤ መድኃኒቱም ያው ነው። በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ጠብ ጠብ እያለ ይገባል።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ ነገር ስታስረዳ ግን አትቸኩልም። የመጀመሪያ ቀን ከፊታችን ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንዲህ አለች፦

«ሰውነታችን ጠባቂዎች አሉት። ጠባቂዎቹ አፍ ስለሌላቸው የሚነጋገሩት በጣም ጥቃቅን መልእክተኞች እየተላላኩ ነው። አንዱ መልእክት ‹ኑ፣ ሌባ ገብቷል› ይላል። ሌላው ‹በቃ፣ ተመለሱ› ይላል። ካንሰሩ ‹በቃ› የምትለዋን ምልክት ለራሱ ያበጃትና ጠባቂዎቹን ያታልልባታል። ይሄ መድኃኒት ያችን ምልክት ያፍናታል።»

«ሌባው ራሱ በር ላይ ቆሞ ‹ሌባ የለም› ይላላ!» አለች እትዬ።

«ልክ ነዎት። ችግሩ፣ ጥሪው አንዴ ከተጀመረ አንዳንዴ አልቆም ይላል። ‹ኑ› የሚሉት መልእክተኞች ይበዙና ጠባቂዎቹ ጤነኛውን አንጀት ማጥቃት ይጀምራሉ። አንጀት ይቆጣል። ስለዚህ ተቅማጥ፣ ደም፣ ቁርጠት፣ ሽፍታ፣ ሳል ካያችሁ ዕለቱኑ ንገሩን። በጊዜ ከደረስንበት እናበርደዋለን። እባካችሁ አትደብቁን።»

እትዬ አንጀቷ ለዓመታት ሲቆጣ የኖረ ሴት ናት። እሱን ስታነሣ ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ያለ ሌባ ለዓመታት ‹ኑ፣ ኑ› ሲባል የኖረበት አንጀት ውስጥ ጩኸቱ ራሱ ለካንሰር ማዳበሪያ ይሆነዋል አለች። የገባኝ ይሄ ነው፤ ጩኸቱ ሲያንስ ሌባው ተደላድሎ ይተኛል፣ ሲበዛ ቤቱ ይፈርሳል። ሊፍት ጠጋኙም እዚያው ነበር። ሰምቷል። በኋላ አልሰማሁም ቢል አላምነውም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከእትዬ አጠገብ ያለው ወንበር የሱ ሆነ። እኔ በመሐላቸው ባለችው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ሊፍት ያወራል። እኔ ስለማይለቅ ቆሻሻ አወራለሁ። እትዬ ሁለታችንንም ታሽሟጥጣለች።

«ሰው ሊፍት ውስጥ ሲገባ ጣሪያ ነው የሚያየው» አለኝ አንድ ቀን። «ወይ ጫማውን። አንቺ ብቻ ነሽ ሰው የምታዪው።»

‹አንቺ› ማለቱን ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ... እርስዎ...»

«አይመልሱት» አልኩት። «ካመለጠ አመለጠ።»

«እንግዲያው አንተ በዪኝ።»

«አንተ» አልኩት።

ከዚያ ሁለታችንም ቀና ብለን የመድኃኒቱን ጠብታ ማየት ያዝን። እትዬ ዓይኗን ጨፍና፣ «እኔ ተኝቻለሁ፣ ቀጥሉ» አለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቆየን። ላውንደሪው ውስጥ አንሶላ ስተኩስ ስንት ቀን ቀረው እያልኩ ራሴን መያዝ ጀመርኩ። የእኅቴን መድኃኒት ቀን እንደ ሠርግ ቀን መናፈቅ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ናፈቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ግን ሰውዬው መቅለል ጀመረ። ሱሪው ወገቡ ላይ ተጨማደደ፤ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። ብስኩት ስሰጠው «በኋላ» ብሎ ኪሱ ይከታል። መድኃኒቱ የተሰቀለበትን ብረት እየጎተተ ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ ሲመለስ ከንፈሩ ላይ ላብ አለ። ሲስተሯ «ሆድህስ?» ስትለው «እንደ ሰዓት!» ብሎ ያስቃታል። ሚዛን ላይ ሲያወጡት ደግሞ ክብደቱ ያው ነው። ይሄ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። ሱሪው አንድ ይላል፣ ሚዛኑ ሌላ ይላል። እኔ ሱሪውን አመንኩ።

አንድ ጠዋት ሚዛን ላይ ወጥቶ ከወረደ በኋላ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሽንት ቤት ሄደ። ወንበሩ ወደኋላ ሊገለበጥ ሲል ያዝኩት። ጃኬቱ አንድ ወገኑ ወደ ታች ተንጋዷል። ላቃናው ባነሣው እጄን ወደ ምድር ጎተተው።

ኪሱ ውስጥ መፍቻ ነበር። ፒንሳ ነበር። ጡጫ የሚያክሉ ብሎኖች ነበሩ።

ይዤ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሥራ ዕቃ።»

«ዛሬ ማንን ልትጠግን መጣህ?»

ጃኬቱን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም።

«ደም አለው?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ግድግዳውን ተደገፈ። «ካለፈው ጊዜ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነበር።»

«ሰምተሃት አልነበር ዶክተሯን? ለምን አትነግራቸውም?»

«ያቆሙታላ።»

«ያቁሙታ!»

«ካቆሙት...» መስኮቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «ካቆሙት፣ እዚህ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

መጀመሪያ ስለ በሽታው የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን ገባኝ። በእንዲህ ያለ አስተያየት ከታየሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ጭራሹንም ታይቼ እንደሆነ እንጃ። አንጀቴን በላው። ይሄ ትልቅ ሰው፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስለ ቆሻሻ ሳወራ ለመስማት ብሎ አንጀቱን እያስበላ ነው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «ማይልኝ።»

«እኔ መማል አልወድም» አልኩት፤ አልማልኩለትም።

ዕቃውን በነጠላዬ ስር ሸሽጌ ወደ እትዬ ተመለስኩ።

«ሰውዬው ደም እየፈሰሰው ነው» አልኳት በጆሮዋ።

«ነገረሽ?»

«በግድ።»

«እንግዲያው ምስጢር ነዋ። ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«ዝምታው ባይነቅዝ ሰውዬው ነቅዟል!»

እትዬ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደሷ አዞረችው፤ ልጅ ሆኜ ስዋሽ እንደምታደርገው። «ወደድሽው?»

«ምን አገናኘው?»

«ከወደድሽው ትናገሪያለሽ፤ ያኮርፍሻል። ካልወደድሽው ዝም ትያለሽ፤ እስኪሞት ድረስ ይወድሻል። ምረጪ።»

ሰውዬው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክንዱን ዘረጋ። ሲስተሯ የመድኃኒቱን ከረጢት ሰቅላ ቱቦውን ልትገጥም ጎንበስ አለች። እሱ ምስጢሩን እንደምጠብቅለት አምኗል መሰለኝ፣ ፈገግ ብሎ አየኝ። ያንን ፈገግታ እያየሁ መናገር ካውያ በባዶ እጅ ከመጨበጥ ይከብዳል።

«ሲስተር፣ እንዳትገጥሚው!» አልኩ።

ተነሥቼ መፍቻውን፣ ፒንሳውን፣ ብሎኑን በሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት።

«ሚዛኑን የሚሸውደው በዚህ ነው። ተቅማጥ አለው። ደምም አለው። ውሸቱን ነው ‹እንደ ሰዓት› የሚላችሁ።»

ከጀርባው ሄጄ መናገር እችል ነበር። ግን እኔ ሰው ሳይሰማኝ ስለ ሰው ማውራት አይሆንልኝም። እሱ አልጮኸም፣ አልካደም። እጁን ከመደገፊያው ላይ ቀስ ብሎ አነሣና፣ «አምኜሽ ነበር» አለኝ።

«እመነኛ፣ ማን ከለከለህ» አልኩት። ቃሉ ደረቅ ነበር፤ ብሎኖቹን ግን አንድ በአንድ መደርደር ያዝኩ፣ እሱን እንዳላይ።

ያኔውኑ አልጋ ያዘ። ዶክተሯ ጥሪውን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ስቴሮይድ፣ በደም ሥሩ ጀመረችለት። ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ትከሻዬን ያዘችና፣ «ያ ከረጢት ቢገባ አንጀቱ ሊበሳ ይችል ነበር። እግዜር ይስጥዎት» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ይህንን መድኃኒት ግን ከእንግዲህ አንሰጠውም» አለች።

«ካንሰሩስ?»

«እናያለን» አለች። ሐኪም ‹እናያለን› ሲል ምን ማለት እንደሆነ እትዬን ሳስታምም ተምሬያለሁ። አለማወቃቸው ነው።

ልጠይቀው ሄድኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብርቱካን ይዤ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። እኔ ይቅርታ ልለምን አልችልም፤ ያላጠፋሁትን እንዴት ብዬ? አሁንም ያች ቀን ብትመለስ፣ ያንኑ ብሎን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው የምዘረግፈው።

ሲሻለው ከሆስፒታል ወጣ ሲሉ ሰማሁ። የት እንደሚኖር አላውቅም። ወንበሩ ላይ አንዲት ሹራብ የምትሠራ ሴትዮ ተቀመጠች። ደግ ሴት ነበረች፤ ጠላኋት።

ላውንደሪያችን የዚያን ሆስፒታል አንሶላ ነው የሚያጥበው። ድሮ አንሶላ አንሶላ ነበር። አሁን እያንዳንዱን ስዘረጋ ይሄ የሱ ይሆን እላለሁ። አንዱን አሳረርኩ። በዚያ ቤት አንሶላ አሳርሬ አላውቅም።

«ሂጂና ፈልጊው» አለችኝ እትዬ።

«ፈልጌ ምን ልለው?»

«የሚያሳርር ሰው ምን ይላል? ‹አረርኩ› ይላል።»

«እምቢ» አልኳት። እምቢ ካልኩ እምቢ ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ እንፋሎቱ ቤቱን ሞልቶት፣ በሩ ላይ አንድ ረዥም ጥላ ቆመ። እንፋሎቱ ሲገለጥ እሱ ነው። ጉንጩ ትንሽ ሞልቷል። እጁ ባዶ ነው።

«የሚተኮስ አመጣህ?» አልኩት።

«አላመጣሁም።»

«እኛ ልብስ ነው የምንቀበለው።»

«አውቃለሁ።» ወደ ውስጥ አልገባም። «ማታለያ ዕቃም አልያዝኩም። ፈትሺኝ ካልሽ ፈትሺኝ።»

ካውያውን አስቀመጥኩት። ሌላ አንሶላ እንዳላሳርር ፈርቼ ነው።

«እንዴት አገኘኸኝ?»

«የእትዬን ስልክ ከሲስተሯ ተቀብዬ ጠየቅኳት። ‹እስከ ዛሬ ምን ትጠብቃለህ፣ ጅል!› አለችኝ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መድኃኒቱ ከቆመ ወዲህ የተነሣሁትን ምርመራ ውጤት ዛሬ ይነግሩኛል። ዘመድ አላጣሁም፤ ሁሉም ግን ገና ሳይሰሙ ‹አይዞህ፣ ምንም የለም› ይሉኛል። ክፉ ከሆነ ክፉ ነው የምትለኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ትመጫለሽ?»

«ፊትህን ወደ ግድግዳ ያዞርክብኝ ሰውዬ!»

«ወደ አንቺ ላዞረው አፍሬ ነበር» አለ። «ተናድጄም ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ወንበር ስታስነሺኝ ከአንቺም ያስነሣሽኝ መሰለኝ።»

«ታዲያ አድራሻዬን ብትጠይቀኝ አይቀልም ነበር? አንጀትህ ከሚደማ?»

«ይቀል ነበር።»

«ለምን አልጠየቅክም?»

«ፈራሁሽ።»

«ካንሰሩን ሳትፈራ እኔን?»

«ካንሰሩ ሊፍት በጫማ ሲመታ አላየሁትማ።»

ከኋላዬ የሥራ ጓደኞቼ በሳቅ ሲፈነዱ ሰማሁ። እኔም ሽርጤን ፈታሁ።

ዶክተሯ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኮምፒውተሯ ላይ ግራጫ ሥዕል ከፈተች፣ ሌላ ከጎኑ ከፈተች፣ እያፈራረቀች ታያቸዋለች። እሱ ትንፋሹን ያዘ። እኔ መታገሥ አልቻልኩም።

«ልጄ፣ ሳትሸፋፍኚ ንገሪን። ክፉ ነው ደግ?»

ዘወር አለች፤ ዓይኗ ይስቃል። «ደግ ነው።»

እጅጌዬን ያዘ። ጨርቁን ብቻ፣ እጄን አልነካም።

«መድኃኒቱ ቢቆምም ጠባቂዎቹ ሌባውን ለይተውታል» አለች። «ዛሬም ያለ እኛ እርዳታ እየተላላኩ እየጠበቁ ነው። ዕጢው ከነበረው እጅግ አንሷል። ለሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም፤ ተመልሶ አይመጣም ብዬም አልምልም። እየተመላለሰ ይታያል። ዛሬ ግን ደስ ይበላችሁ።»

«መማል የማትወድ ሴት አገኘሁ ሁለተኛ» አለ እሱ፤ ዕንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ።

ከዚያ ስንወጣ ማንን እንደማመሰግን ግራ ገባኝ። ዶክተሯን አመሰገንኩ፣ ሲስተሯን አቅፌ አመሰገንኩ፣ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከዚያ ደግሞ በዓይን የማይታዩትን፣ በሰውዬው ደም ውስጥ ያለ ድካም ወሬ የሚያመላልሱትን እነዚያን ጥቃቅን መልእክተኞች አሰብኩ። ስማቸውን ዶክተሯ ነግራኝ ነበር፣ ምላሴ አልያዘውም። ስማቸውን ባላውቅም በልቤ አመሰገንኳቸው። እትዬንም ስለሚጠብቁልኝ። የእሷ ዕጢ አልጠፋም፣ አላደገም፤ ባለበት ቆሟል። ለእኛ ይሄም ጸጋ ነው።

ደጁ ላይ ቆምን። ሰው እየገፋን ያልፋል።

«በል እንግዲህ» አልኩት። «የምትጠይቀኝ ካለ ጠይቅ።»

«አድራሻሽ የት ነው?»

«ተከተለኝ፣ ታየዋለህ።»

ቤት ስንገባ እትዬ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ፊታችንን አየችና ምንም ሳትጠይቅ «ተመስገን» ብላ ቢላዋውን አስቀመጠች። እሱ ወንበር ሳበ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። መጋረጃውን፣ መስኮቱን፣ ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት። ከተዋወቅን ጀምሮ ብስኩት እንኳ አፉ ሲያደርስ ያላየሁት፣ ምግብ ባየ ቁጥር የሚሰጋ ሰው ነው።

«ራበኝ» አለ።

ድምፁ እንደ ልጅ ነበር፤ ራሱም የገረመው ይመስል ነበር። እትዬ አየችኝ። እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ፤ እንዳያዩኝ።

«እጅህን ታጠብ» አልኩት።

ሰው መቼ ተጋባችሁ ሲለን እሱ የፈረምንበትን ቀን ይናገራል። ይናገር። እኔ ያገባሁት ግን ያኔ ነው፤ እሱ ውኃው ላይ እጁን ሲታጠብ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህኑን እስከ አፉ ስሞላ።